አሮጌው መትረየስ የት ይሄዳል?

በ2015 አንድ ኤም 2 ብራውኒንግ መትረየስ አላባማ ግዛት፣ አኒስተን ወደሚገኘው የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ ማደሻ ለእድሳት ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመለያ ቁጥሩ 324 ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶዎች አንዱ ነው ማለት ነው። ከተሠራ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማደሻው ባለሙያዎች ገላውን እየለኩ ሲፈትሹት ግን ከእሱ እጅግ ዘግይተው ከተሠሩት ከብዙዎቹ የተሻለ ልኩን ጠብቆ አገኙት። ጆን ብራውኒንግ ይህን መሣሪያ መንደፍ የጀመረው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ነበር፤ ታንኩም ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም ነበር። እነሱ ሁሉ ሙዚየም ገብተዋል። ኤም 2 ግን ዛሬም በብረት ለበስና በመርከብ ላይ ተተክሎ ይተኩሳል። ከ2010 ወዲህ በተደረገለት ማሻሻያ የተለወጠው ዋናው ነገር የአፈሙዙ አገጣጠም ነው፤ ቶሎ ተፈትቶ ቶሎ እንዲገባ ሆነ።

እንግዲህ መትረየስን ከአገልግሎት የሚያሰናብተው ዕድሜ አይደለም። በዘይትና በጥንቃቄ የተያዘ ብረት ከሰው ዕድሜ ይበልጣል። አሰናባቹ ሌላ ነው፤ አንዳንዴ የጥይቱ ዓይነት ይለወጣል፣ አንዳንዴ የውጊያው ስልት፣ አንዳንዴ ፋብሪካው የቆመበት መሬት የሌላ አገር ሆኖ ያርፈዋል፣ አንዳንዴም ነገሩ ፖለቲካ ብቻ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። ጦሩ አዲሱን ሲረከብ አሮጌው የት ይሄዳል? ስለ ጦር መሣሪያ የሚጽፉ ሰዎች አዲሱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ በደቂቃ ስንት ጥይት እንደሚተፋ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። የአሮጌውን መድረሻ የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ መድረሻው ላይ የኖርን ሕዝብ ነን።

ከቪከርስ ልጀምር፤ አሰነባበቱ ከሁሉም ይልቅ የጠራ ነውና። ሂራም ማክሲም በ1884 ለንደን ላይ የሠራው መትረየስ ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚረግጠውን ኃይል ለቀጣዩ ጥይት ማጉረሻ አዋለው። ጣት ከምላጩ እስካልተነሣ፣ ዝናሩም እስካላለቀ ድረስ አያቋርጥም። የእንግሊዝ ጦር በ1912 የተቀበለው ቪከርስ የማክሲም ልጅ ነው። አፈሙዙ ከአራት ሊትር በላይ ውሃ በሚይዝ የብረት ልባስ ተሸፍኗል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በጎማ ቱቦ ወደ ጣሳ ወርዶ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ በዚህም ውሃው አይባክንም፣ እንፋሎቱም የተኳሹን ቦታ ለጠላት አያሳብቅም። በኦገስት 1916 በሶም ግንባር፣ ሃይ ዉድ በተባለ ጫካ አካባቢ፣ አሥር ቪከርሶች በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ጥይት መተኮሳቸው ይነገራል። ይህን ያህል የሚታመን መሣሪያ ለምን ተሰናበተ ቢባል መልሱ ሸክሙ ነው። መትረየሱ ብቻውን 15 ኪሎ ያህል፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በዚያ ላይ ውሃው፣ በዚያ ላይ የጥይቱ ሣጥን። ለአንድ ቪከርስ ስድስት ሰው ይመደብ ነበር።

ይህን ሸክም ያስቀረው ሐሳብ የመጣው ከጀርመን ነው። ኤም.ጂ. 34 እና ኋላም ኤም.ጂ. 42 በሁለት እግራቸው ሲቆሙ የጓድ መትረየስ ናቸው፤ ሦስት እግር ላይ ሲወጡ ደግሞ እንደ ከባድ መትረየስ ከርቀት ይተኩሳሉ። ውሃ ቀረ፤ አፈሙዙ ሲግል ረዳቱ በጥቂት ሰከንድ አውጥቶ ቀዝቃዛውን ይከተዋል። የኤም.ጂ. 42 ገላ ደግሞ በማሽን ተጨፍልቆ ቅርጽ ከያዘ ላሜራ የተበየደ ስለነበር ከታላቁ ባነሰ ጊዜና ገንዘብ ተመረተ። በደቂቃ 1,200 ጥይት ይተኩሳል። ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊዎቹም ተሸናፊዎቹም ይህንኑ ሐሳብ ወሰዱ። ቤልጅጋዊው ኤርነስት ቬርቪዬ በ1950ዎቹ ኤፍ.ኤን. ማግን ነደፈ፤ እንግሊዞች ኤል 7 ብለው አስታጠቁት። ቪከርስም ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በደቡብ ዓረቢያ የራድፋን ተራሮች የመጨረሻ ውጊያውን ተዋግቶ በማርች 1968 በይፋ ተሰናበተ። ስልት ለወጠው፣ የተሻለ ተተኪ አገኘ፣ ወጣ። ይህን ያህል ግልጽ ታሪክ ግን በብዛት አይገኝም።

ብዙውን ጊዜ መትረየስን የሚያስወጣው ከጎኑ ያለው ሣጥን ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በ1954 በአንድ ጥይት ሲስማሙ፣ 7.62 በ51 በሚባለው ማለት ነው፣ በብዙ አገር መጋዘን የነበረ ጤነኛ መትረየስ በአንድ ፊርማ ጥይት አልባ ሆነ። እንግሊዞች እንኳ ብሬን የተባለውን ያን ሁሉ ቀላል መትረየስ መጣል አላስቻላቸውም። አፈሙዙንና ካዝናውን ለአዲሱ ጥይት ለውጠው ኤል 4 አሉትና እስከ 1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ድረስ አገለገለ። ጀርመኖችም ኤም.ጂ. 42ን ለዚሁ ጥይት አስተካክለው ኤም.ጂ. 3 አደረጉት። የሂትለር ዘመን ንድፍ በዴሞክራሲያዊቷ ጀርመን ጦር ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ፤ ኤም.ጂ. 5 የተባለው ተተኪው መታደል የጀመረው በ2015 ነው።

ሶቪየቶች በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ተጠቅመዋል። በ1891 በዛር ዘመን የተሠራው ጥይታቸው፣ ዙሪያው ከንፈር ያለው 7.62 በ54፣ ለማክሲም አገለገለ፣ ባለ ሰሃኑን ዴግቲያርዮቭ አጎረሰ፣ ጎርዩኖቭን አለፈ፤ ዛሬም የፒ.ኬ.ኤም. ጥይት እሱ ነው። የሚካኢል ካላሽኒኮቭን ፒ.ኬ. በ1961 ሲቀበሉ፣ በ1969ም ወደ ሰባት ኪሎ ተኩል አውርደው ፒ.ኬ.ኤም. ሲያደርጉት፣ ጥይቱን አልነኩም። ውጤቱን በዚህ ዘመን በዓይናችን አየነው። የዩክሬን ወታደሮች የ1910ሩን ማክሲም ከመጋዘን አውጥተው ምሽግ ውስጥ ተክለውታል። አንዳንዱ ጥንድ ሆኖ ተገጥሞ፣ ዘመናዊ ማነጣጠሪያ ተጨምሮለት፣ ሌሊት ከተማ ሊመቱ የሚመጡ ድሮኖችን ይጠብቃል። ማክሲምን መጀመሪያ ያስወጣው ክብደቱ ነበር። ከቦታው ለማይነሣ ምሽግ ግን ክብደት ነውር አይደለም፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ አፈሙዝ ደግሞ ዛሬም ለረጅም ተኩስ የሚመች ነው። ስልት አስወጣው፣ ስልት መልሶ ጠራው፤ ጥይቱ ባይኖር ኖሮ ግን ጥሪውም ከንቱ ነበር።

አሜሪካኖች በኤም 60 ያዩት ፈተና የተለየ ነው። በ1957 የተቀበሉት ይህ መትረየስ ቬትናምን ከዳር እስከ ዳር ተዋግቷል። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን በእጅ ሲያዝ ነው። በመጀመሪያው አሠራሩ ሁለት እግሩና የጋዝ ሲሊንደሩ ከአፈሙዙ ጋር የተያያዙ ስለነበሩ የጋለውን አፈሙዝ የሚለውጥ ወታደር እግሩንም አብሮ መንቀል ነበረበት፤ መትረየሱ መሬት ላይ ይዘረጋል። አፈሙዙ መያዣ ስለሌለው ረዳቱ የሙቀት መከላከያ ጓንት ካልያዘ ወይም በጨለማ ከጠፋበት እጁ ይቃጠላል። አንዳንድ የውስጥ ክፍሎቹም ተገልብጠው ሊገጠሙ ይችላሉ፤ ያኔ አንድ ተኩሶ ይቆማል። ይህ የወረቀት ጉድለት አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚያልፍበት ነው። በ1970ዎቹ ለታንክ የሚሆን መትረየስ ሲወዳደር የቤልጅጉ ማግ ሳይነክስ ብዙ በመተኮስ ኤም 60ን በሰፊው በለጠ፤ በ1977 ኤም 240 ተብሎ ታንክ ላይ ገባ፤ በ1990ዎቹም ወደ እግረኛው ወረደ። ኤም 240 ከኤም 60 በሁለት ኪሎ ገደማ ይከብዳል፤ 12 ኪሎ ተኩል ነው። ወታደሩ ሸክሙ ቢጨምርበትም የሚያስተማምነውን መረጠ። ትክክል ነበር እላለሁ። ተሸክሞ የሚወጣው ሰው ድካሙን ያርፈዋል፤ መትረየሱ የነከሰበት ግን ዕረፍት የለውም።

እዚህ ላይ ነው መተካት ማለት ወደ ፊት መሄድ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ነገር ያለው። ዴንማርክ በ2014 የኤም.ጂ. 3 ዘር የሆነውን መትረየሷን ስትተካ የመረጠችው የተሻሻለውን ኤም 60 ነው። አሜሪካኖች ያሰናበቱት ንድፍ፣ ጉድለቶቹ ታርመውለትና ክብደቱ ቀንሶ፣ ሌላ አገር አዲስ ሆኖ ገባ። የእንግሊዝ ጦርም ለጓዱ ቀሎ የገባውን 5.56 ሚኒሚ በ2018 አካባቢ ለማስወጣት ወስኖ ወደ አሮጌው ኤል 7 ተመልሷል፤ በአፍጋኒስታን ሰፊ ሜዳ ትንሹ ጥይት ርቀት ላይ አጥሮ መገኘቱ አስተምሮታል። ሶቪየቶች በ1960ዎቹ በዝናር የሚጎርሰውን አር.ፒ.ዲ. ትተው ካዝና ወዳለው አር.ፒ.ኬ. ሄዱ፤ ክላሽ የያዘ ወታደር ሁሉ አያያዙን ያውቀዋልና፣ ካዝናውም ይለዋወጣልና። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛም በ2010ዎቹ በጓዱ ውስጥ በዝናር የሚጎርሰውን ኤም 249ን በኤም 27 ተካ፤ አዲሱ ባለ ሠላሳ ጥይት ካዝና የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የምድር ጦሩ ግን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። በኤፕሪል 2022 ለሲግ ሳወር ኩባንያ የሰጠው ውል ኤም 250ን አመጣ፤ 5.9 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በዝናር የሚጎርስ፣ 6.8 ሚሊ ሜትር አዲስ ጥይት የሚተኩስ መትረየስ ነው። ዓላማው የዘመኑን የደረት ጥሩር ከሩቅ መብሳት ነው። መሣሪያው ከኤም 249 ይቀላል፤ ጥይቱ ግን ይከብዳል፣ ስለዚህ ያው ወታደር የሚሸከመው ጥይት ቁጥሩ ያንሳል። በእኔ አስተያየት የዚህ ለውጥ ትልቁ አደጋ መሣሪያው ላይ አይደለም። አሜሪካ ለአንድ የጦሯ ክፍል ብቻ አዲስ ጥይት ስታስገባ፣ በ1954 አብረዋት የተስማሙት ወዳጆቿ በሌላ ጥይት ይቆያሉ፤ በጦር ሜዳ አንዱ ለአንዱ ዝናር የሚያውስበት ጥቅም ይሸረሸራል።

አንዳንዴ ደግሞ መሣሪያው ምንም ሳይጎድለው ይወጣል። የሶቪየት ኅብረት ዲሽቃ የተባለውን ከባድ መትረየስ በ1970ዎቹ በኤን.ኤስ.ቪ. ተካች፤ ፋብሪካውም ዛሬ የካዛኪስታን በሆነችው ኡራልስክ ነበር። ኅብረቱ ሲፈርስ ፋብሪካው ከድንበር ማዶ ቀረ፤ ሩሲያም ኮርድ የተባለውን ኮቭሮቭ ከተማ ላይ ከአዲስ ጀመረች።

እኛም ይህን ዓይነቱን ለውጥ በደም አይተነዋል። በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ወዲህ የኢትዮጵያ ጦር ዋና ትጥቅ የአሜሪካ ነበር፤ ከስምምነቱ ቀደም ብሎ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃም የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግና ዋሽንግተን ሲቆራረጡ መለዋወጫውም ጥይቱም ቆመ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት የጦር መሣሪያ በአየር መጉረፍ ሲጀምር የሶማሊያ ጦር ሐረርን እየተጫነ ነበር። የአሜሪካ መትረየስ የሚጎርሰው ዝናር ለሶቪየቱ አይሆንም፤ የሶቪየቱም ለአሜሪካው። አንድ ሠራዊት ጦርነት መሃል ቆሞ ጥይቱን፣ መለዋወጫውን፣ የመፍታትና የመገጣጠም ትምህርቱን ሁሉ በሌላ ተካ። ከዚያ ቀደም በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የዘመተው ጦር መትረየሶች ከየአገሩ የተለቃቀሙ፣ ጥይታቸው እርስ በርሱ የማይገጥም ነበሩ፤ የአውሮፓ መንግሥታት የጣሉት የመሣሪያ ሽያጭ ማዕቀብም አዲስ እንዳይገዛ አዳክሞታል። የአንድ ዓይነት ጥይት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለእኛ የሚነግረን የውጭ ባለሙያ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ መድረሻው። አሮጌ መሣሪያ ከአውሮፓ ወደ እኛ ሲመጣ የኖረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ይህን በቅንነት መናገር ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1886 ሌበልን ስትታጠቅ ያስወጣችው ግራ የተባለው ጠመንጃ በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተቸረቸረ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃም አውሮፓ የጣለችው አሮጌ ነበር። በአድዋ ድል የተደረገው ከአውሮፓ ጦር ግምጃ ቤት በተሰናበተ ብዙ ጠመንጃ ጭምር ነው። ስለዚህ የተሰናበተ መሣሪያ ሁሉ ይጥፋ፣ ማንም አይግዛው ማለት ለድሃ አገር ነፃነት ቀላል ፍርድ አይደለም። ልዩነቱ ገዢውና ተጠያቂው ማን እንደሆነ መታወቁ ላይ ነው። በ2022 ጀርመን ለዩክሬን 100 ኤም.ጂ. 3 ከ500 መለዋወጫ አፈሙዝ ጋር ስትሰጥ ቁጥሩን በይፋ አውጥታለች፤ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ስንት እንደሆነ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል።

በ1991 በአፍሪካ ቀንድ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በጃንዋሪ የሶማሊያው ሲያድ ባሬ፣ በሜይ ደግሞ የደርግ መንግሥት ወደቁ፤ ከአፍሪካ ትልልቆቹ መካከል የነበሩ ሁለት ሠራዊቶች በጎረቤትነት ፈረሱ። የደርግ ወታደር ከፊሉ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ መሣሪያውን ድንበር ላይ አስረከበ። ከፊሉ ለስንቅና ለመንገድ ሸጠው። መዝገብ የያዘ አልነበረም። ጠመንጃ ገበሬው ቤት ገብቶ ለከብት ጥበቃም ይሁን ለደም መመላለስ ይውላል፤ መትረየስ ግን ለከብት ጥበቃ አይሆንም። የቡድን መሣሪያ ነው፤ በገባበት ሰፈር የሁለት ጎሳ ጠብን ወደ ጦርነት ያሳድጋል። አንድ ዲሽቃ የጫነ ፒክአፕ የወረዳ ፖሊስ የማይችለው ኃይል ይሆናል። በዚህ አካባቢ ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ግጭቶች ውስጥ ሶቪየት ያስገባቻቸው መትረየሶች ባለቤት እየለዋወጡ ሲተኩሱ ኖረዋል፤ ጥይታቸው ዛሬም ስለሚመረት የሚያስቆማቸው ነገር የለም። ዩክሬንን የጠቀመው ያው የጥይት ዕድሜ እዚህ መርገም ነው።

ስለዚህ ማስወገድ የሚባለው ነገር በደንብ መሠራት አለበት። አፈሙዙን ቆርጦ መሣሪያው ሞተ ማለት ራስን ማታለል ነው። መትረየስ ላይ አፈሙዝ የሚያልቅና የሚተካ ዕቃ ነው፤ ጀርመኖች ለ100 መትረየስ 500 የሰጡት ለዚህ ነው። መሞት ያለበት ገላው ነው፤ መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት፣ መዝጊያው የሚመላለስበት ብረት። እሱ በእሳት መቁረጫ ከአንድ በላይ ቦታ፣ አግድም፣ የመዝጊያውንና የምላጩን መቀመጫ አልፎ ሲቆረጥ ነው መልሶ መበየድ ከባድ የሚሆነው። ከመቆረጡ በፊት ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ከተቆረጠ በኋላ ቁርጥራጩ ይመዘናል፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫ። ማሊ በማርች 1996 ቲምቡክቱ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጋ መሣሪያ ሕዝብ ፊት አቃጥላለች። ያ ሥነ ሥርዓት ሕዝቡ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነበር፤ የማሊ ኋለኛ ታሪክ ደግሞ ጎረቤት አገር ስትፈርስ፣ በ2011 ሊቢያ ላይ እንደሆነው፣ የአንድ ቀን እሳት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። መሣሪያ ድንበር አያግደውም፤ ሥራው ቀጠናዊ ካልሆነ አይሆንም።

ለቀንዳችን ይህ በወረቀት አለ። በኤፕሪል 2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ትርፍ መሣሪያቸውን እንዲለዩ፣ ምልክት እንዲያደርጉበት፣ መዝግበውም እንዲያስወግዱ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። የጎደለው ሕዝብ የሚያየው ቁጥር ነው።

ለመከላከያ ሚኒስቴርም፣ የሚመለከተው የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴም የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። አዲስ መትረየስ ሲገዛ ስንቱ አሮጌ እንደተነሣ፣ ከዚያ ስንቱ በመጠባበቂያ እንደተቀመጠ፣ ስንቱ ገላው እንደተቆረጠ በየዓመቱ ይገለጽ። የጦር ምስጢር የሚሆነው ሠራዊቱ የያዘው ነው፤ የቀለጠ ብረት ምስጢር የለውም። ጋዜጠኛውም ስለ አዲሱ መሣሪያ ጥራት ከመጠየቁ በፊት ስለ አሮጌው መለያ ቁጥር ይጠይቅ።